የእንዝርት ሐይቅ ዟሪዎች

በእንዝርት ሐይቅ ዳር «ዟሪዎች» የሚባል ቤተሰብ አለ። ሐይቁ ረዥምና መሐሉ ቀጠን ያለ በመሆኑ ከምዕራቡ ዳር ተነስቶ በምሥራቁ ዳር ወዳለው ገበያና ደብር ለሚሻገር ሰው በታንኳ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ዳርቻውን ይዞ በእግሩ ለሚዞር ግን ግማሽ ቀን ይወስድበታል። የዟሪዎች ቤት ሰው ታንኳ አይሳፈርም። ገበያ ሲወጣ ይዞራል፤ ልጅ ክርስትና ሲያስነሳ ይዞራል፤ ሙሽራ ሲያመጣ ሙሽሪትን በበቅሎ አስቀምጦ ይዞራል፤ ሲሞትም ሬሳውን በቃሬዛ ይዘው ጭቃውን እየረገጡ ይዞሩበታል እንጂ ውሃውን አያቋርጡበትም። ቀባሪው በታንኳ ቀድሞ ደርሶ፣ ሬሳው ገና በወዲያኛው ዳር እያለ፣ ከደብሩ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወሬውን ሲጠርቅ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

እኔም ከዟሪዎቹ አንዱ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ክፉ ነገር የሚነካው የራሴን አያቶች ነው። ሌላ ሰው አጣፍጦ ከሚያወራው እኔው እንዳለ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩት አንዱ የዘለለውን ሌላው ይጨምርበታል፤ እኔ ሁሉም የተስማሙበትን ይዣለሁ፤ ያልተስማሙበትንም «ይባላል» ብዬ አልፋለሁ።

በሐይቁ ሰሜን ጫፍ፣ ፊላና ደንገል ተደባልቆ ከበቀለበት ጥግ፣ «የአራስ ደጅ» የሚባል ውሃ አለ። ከጳጉሜን መባቻ እስከ ኅዳር ሚካኤል እዚያ መረብ አይጣልም፣ ደንገል አይታጨድም፣ ከአንዲት ታንኳ በቀር ሌላ ታንኳ አይገባም። አራሷ ሰው አይደለችም፤ እኛ ጠላቂት የምንላት ዳክዬ ናት። ጠላቂት እንደ ሌሎቹ መስክ ላይ ወጥታ ስትግጥ አትታይም። እግሯ ወደ ጭራዋ የተጠጋ ስለሆነ የብስ ላይ በወጉ አትራመድም፤ ኑሮዋ ሁሉ ውሃ ነው፤ ምግቧን ጠልቃ ከጭቃው ትለቅማለች፤ ስትደነግጥም ከመብረር ይልቅ መጥለቅ ይቀናታል። ወንዱ በክረምት አካሉ ቀይ፣ ራሱ ጥቁር፣ ምንቃሩ ሰማያዊ ይሆንና ጭራውን አቁሞ ይንጎራደዳል፤ እንቁላል ከተጣለ በኋላ ግን ዞር ብሎም አያይም። ሴቲቱ ብቻዋን ፊላውን አጉብጣ ከውሃው በላይ ጎጆ ትሠራለች፣ ብቻዋን ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿንም በተፈለፈሉ ማግስት ይዛ ውሃ ትገባለች። እሷ ትንሽ ስትሆን እንቁላሏ ከዶሮ እንቁላል ይበልጣል። ይህን ያህል እንቁላል ከዚያ ከሚያህል አካል መውጣቱ ሰውን ሁልጊዜ ሲያስደንቀው ኖሯል፤ መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ጠላቂት በእንዝርት ላይ ብዙ ነበረች። የሐይቁ ሰው የውሃ ወፍ ርኩስ ነው ብሎ አይበላም፤ ስለዚህ የሚያሳድዳት አልነበረም። ዓሣም የሚያዘው ከቀርከሃ በተሠራ ወጥመድ ነበርና ወፊቱን የሚነካት ነገር አልነበረም። ኋላ መረብ መጣ። ውሃ ውስጥ እንደ አጥር ቆሞ የሚያድር መረብ ለዓሣ ደግ ነገር ነው፤ ጠልቃ ለምትመገብ ወፍ ግን ሞት ነው። ወርዳ ጭቃውን ስትፈትሽ ይይዛታል፤ እሷም እንደ ልማዷ ከአደጋ ለማምለጥ ይበልጥ ትጠልቃለች፤ እንደ ጠለቀችም ትቀራለች። ይህን ለብዙ ዓመት ማንም ልብ አላለውም፤ የማይበላ ወፍ ሞተ አልሞተ ለማን ምኑ ነው ብለው ይሆናል።

በምዕራቡ ዳር ጠጅቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ መረቡን ፈትላ የምትሠራለት ግን እሷ ናት፤ በሐይቁ ዙሪያ እንደ እሷ ቋጠሮ የሚያጠብቅ እጅ አልነበረም ይባላል። በአንድ መስከረም ጧት ባሏ መረቡን ጎትቶ ሲያወጣ አሥራ አንድ ጠላቂቶች ሰጥመው ተገኙ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። እሱ ተበሳጭቶ መረቡን እንዳለ ዳር ላይ ጣለላትና አጽጂው ብሏት ሄደ። ጠጅቱ ተቀምጣ አንድ በአንድ ስትፈታቸው ከአንዷ ሆድ እንቁላል ወጥቶ መዳፏ ላይ ቀረ፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር። ያን መረብ የቋጠረችው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ መረብ አልሠራችም፤ ባሏ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ ጎረቤት ቢያስመክርባት ጆሮ አልሰጠችም።

ባሏ ከሁለት ዓመት በኋላ በንዳድ ሞተና ከአንድ ወንድ ልጇ ጋር ቀረች። በዚያን ጊዜ በሐይቁ ላይ የምትታየው ጠላቂት አንዲት ሴት ብቻ ሆና ነበር፤ ከእሷ ጋርም አንድ ወንድ። ጠጅቱ ይህን አይታ ቤት ለቤት ዞረች፤ ካህናቱን ያዘች፤ ሽማግሌዎቹን ያዘች። በመጨረሻ የሐይቁ ሰው በደብሩ ደጅ ተሰብስቦ የሰሜኑን ጥግ በእርባታዋ ወራት ለወፊቱ ሊተውላት ማለ። እውነቱን ለመናገር ገሚሱ የተስማማው አዝኖ ሲሆን ገሚሱ ከጠጅቱ ጭቅጭቅ ለመገላገል ነው። በጣም የተጎዳው ሙጨ የሚባል አጥማጅ ነበር፤ ድኻ ነው፣ መረቡን የሚጥለውም እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ልጆቼን ምን ላብላቸው ብሎ ብዙ ተከራከረ፤ ጠጅቱ የሟች ባሏን ማጥመጃ ቦታ ስትሰጠው ግን መረቡን በሰው ሁሉ ፊት አውጥቶ ጠቀለለ።

ጎጆው የት እንደሆነ ግን ብዙ ሰው ካወቀ አይጠበቅም ተባለና ሁለት ሰው ብቻ እንዲያውቅ ተቆረጠ። አንዷ ባለታንኳዋ ጠጅቱ ናት፤ በውሃው በኩል ትጠብቃለች። ሁለተኛውን እሷው ራሷ መረጠች፤ ደምለው ይባላል፤ የልጇ የክርስትና አባት ነው። እሱ በየብሱ በኩል ቀበሮና ውሻ እንዳይጠጋ፣ ውሃው ሲጎድልም ጎጆው ደረቅ ላይ እንዳይቀር አፈር እየከተረ ይጠብቃል። አበልጅነት እኛ አገር ከሥጋ ዝምድና አያንስም። ጠጅቱና ደምለው «እርስዎ» እየተባባሉ፣ አንዱ የሌላውን እህል እያጨደ፣ ክፉ ደጉን አብረው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ዓመት በደህና ጠበቁ፤ ጫጩቶቹም አድገው ወዲያ ወዲህ መታየት ጀመሩ፤ ክረምቱ እያለፈ ሌላ ውሃ ፍለጋ ቢበሩም እናቲቱ በየዓመቱ ወደዚያው ጥግ ትመለስ ነበር።

ደምለው ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖሮ ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ውባለም ትባላለች። ይወዳታል፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም። ወንድሞቹና እናቱ ግን መካን ይዘህ ዘር ልታስጠፋ ነው እያሉ፣ በየበዓሉ እያነሱ፣ ሊያፋቱት ቀን ቆርጠው ነበር ይባላል። በዚህ መሐል ገበያ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ መድኃኒት አዋቂ ታየ። ደምለው ችግሩን ቢያዋየው ሰውዬው ስለ ጠላቂት ሰምቶ ኖሮ፣ ከአካሏ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ እንቁላል የምታወጣ ወፍ የሴትን ማኅፀን ትከፍታለች፤ እንቁላሉ በዱቄት ታሽቶ በባዶ ሆድ ይበላ፤ ባልየው ግን በእጁ እንዳይነካው፤ ቦታውን ብቻ ይናገር፤ የሚያመጣው እኔ ነኝ አለው። ደምለው ሁለት ገበያ አሳለፈ። በሦስተኛው ገበያ ቦታውን ተናገረ።

አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች «አንድ ብቻ ውሰድ ብሎታል» ይላሉ። ብሎት ይሆናል። እኔ ግን ይህን እንደ ማስተባበያ አልቆጥረውም፤ ያን የመሰለ ሰው ሰፈሩ አስገብቶ አንድ ብቻ ውሰድ ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰውዬው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ገብቶ ጎጆው ውስጥ የነበሩትን ስድስቱንም እንቁላል ወሰደ፤ እናቲቱንም ላባዋ ለሌላ መድኃኒት ይሆነኛል ብሎ ሊይዛት መረብ ዘረጋ። እሷ ጠለቀች። ማውጣት አቅቷቸው ይሁን ሰው አይተው ደንግጠው ባይታወቅም መረቡን ጥለው ሄዱ። ለደምለው ቤት ሁለት እንቁላል ደረሰው ይባላል፤ የቀረውን ሰውዬው በሌላ ገበያ ምን እንዳደረገበት የሚያውቅ የለም።

ጠጅቱ በማግስቱ ጧት ታንኳዋን ይዛ ስትገባ ጎጆውን ባዶ አገኘችው። መረቡንም አየች። ስትጎትተው ጠላቂቷ በሥሩ ነበረች። ታንኳዋ ላይ አስቀምጣ ስትመለስ ዳር ላይ የተቀበላት ደምለው ነው፤ ታንኳዋን የጎተተላትም፣ አብሯት ያለቀሰውም እሱ ነው። ለቅሶው የውሸት አልነበረም ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔም የውሸት አይመስለኝም፤ ነገሩን የሚያባብሰው ግን ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ጥፋተኛው ያልታወቀ ነገር ሲገጥም አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ሰው እስኪያወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ምስክሩ ቂም እንዳይያዝበት ስሙ አይነገርም፤ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። ይህን ሰው «ወፍ» ይሉታል። ሽማግሌዎቹም የወፉን ስም ላያወጡ ይምላሉ፤ መሐላውን ያፈረሰ የተወገዘ ነው። የሐይቁም ሰው ተጠርቶ ከደብሩ በታች ካለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ገብሱ ደርሶ አጫጅ የሚጠብቅበት ሰሞን ነበርና ሰዉ ገና በመጀመሪያው ቀን መነጫነጭ ጀመረ። ለአንዲት ዳክዬ ብለን እህላችን ይርገፍ ወይ ያሉም ነበሩ፤ ነገር ግን የፈረሰው በደብሩ ደጅ የተማለ መሐላ ስለሆነ ካህናቱ አንለቅም አሉ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ተነስቶ ቦታውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ለምን ከሁለቱ አንጀምርም አለ። አነጋገሩ ልክ ነበር። ደምለው አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ጠጅቱ ተነሳች፤ ነጠላዋንም አጣፍታ በሰዉ መሐል ቆመች።

«አበልጄን ከጠረጠራችሁ አስቀድማችሁ እኔን ጠርጥሩ» አለች። «የልጄ የክርስትና አባት ናቸው፤ ዋሽተውኝ አያውቁም። ሐሰት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ከዚህ በኋላ ደምለውን የጠየቀ የለም። ጠጅቱ የማለችበትን ሰው ማን ይጠይቃል? እሱም በዚያች ደቂቃ አፉን ቢከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ አይጻፍም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ወፍ ተናገረ ተባለ። ወፉ ያወጣው ስም የሙጨ ነው፤ ቦታውን በመቀማቱ ቂም ይዞ መረቡን መልሶ ሲዘረጋ አየሁት ብሏል። ሙጨ መሬቱን እየመታ ካደ፤ መረቤን ያወጣሁት በእናንተው ፊት አይደለም ወይ፣ ሂዱና ከቤቴ ጣራ ሥር ተሰቅሎ እዩት እያለ ለመነ። መረቡ በእርግጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ሆኖም ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ፣ ገብሱ የረገፈበት ሰው ጥፋተኛ ተገኘ ሲባል ሌላ መስማት አይፈልግም። ሁለተኛ መረብ ቢኖረውስ ተባለና አለቀ።

ሙጨ ከሐይቁ እንዲነሳ ተፈረደበት። ታንኳውን የቆራረጠችው ጠጅቱ ራሷ ናት። ማጭድ ይዛ የደንገሉን ማሰሪያ አንድ በአንድ በጠሰችው፤ ሙጨ ልጆቹን ይዞ ቆሞ ያያታል፤ ደምለውም ከጎኗ ቆሞ ያያታል። ሙጨ ዕቃውን አሸክሞ ወደ ቆላ ወረደ።

በዚያው ዓመት ውባለም አረገዘች። ከእንቁላሉ የተነሳ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም፤ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ነገር በአሥረኛው ሊመጣ ይችላል። ግን እንቁላሉን ለበላችው ሴትና ላስበላት ሰው ይህ ሁሉ ክርክር ዋጋ አልነበረውም፤ ሁለቱም የሆነውን ያውቃሉ። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላት ጠጅቱ ነበረች ይባላል። የአበልጇ ቤት ልጅ ሊያይ ነው፤ አዋላጅም እሷ ናትና ቅቤውንም ገንፎውንም አስቀድማ አዘጋጀች።

ምጡ በሰኔ መጣ፤ ሁለት ቀንም ፈጀ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ውባለም የምትሞት መሰላት። ከጠጅቱ ሌላ በቤቱ ውስጥ የነበረችው አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ ይህ ወሬ እስከ እኛ የደረሰው በእሷ አፍ ነው። ውባለም የጠጅቱን እጅ ይዛ እንዲህ አለቻት ይባላል፦

«እትዬ ጠጅቱ፣ ይህን ይዤ አልሙት። እንቁላሉን የበላሁት እኔ ነኝ። ቦታውን የነገረ እሱ ነው። በሙጨ ላይ ወፍ የሆነውም እሱ ነው።»

ጠጅቱ እጇን አላቀቀች። አሮጊቷ እንደምትለው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ውባለም ማርያም ማርያም እያለች ትጮኻለች፤ ጠጅቱ አትሰማም። ጥላት የምትሄድ መስሎኝ ነበር ትላለች አሮጊቷ። ከዚያ ተመልሳ ተንበረከከችና ሥራዋን ያዘች። ሕፃኑን በእጇ ተቀበለችው፤ እትብቱን ቆረጠች፤ አጥባ፣ ጠቅልላ፣ ለእናቱ ሰጠች። እልል ግን አላለችም። እልልታውን አሮጊቷ ብቻዋን፣ በደከመ ድምፅ፣ እንደ ምንም ጨረሰችው።

ደምለው ደጁ ላይ ቆሟል። እልልታውን ሰምቶ ፊቱ በርቶ ነበር። ጠጅቱ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች።

«ልጅህ ወንድ ነው። ደህና ነው» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደምለው ያኔውኑ ገባው። ከዚያ ቀጠለች፦ «በሰው ሁሉ ፊት ስምህን ይዤ ቆምኩ። የሙጨን ታንኳ ስቆራርጥም አጠገቤ ነበርክ።»

ደምለው ውባለምን ሊያፋቱኝ ነበር፣ ጨነቀኝ፣ ሌላ መንገድ አጣሁ አለ ይባላል። ጠጅቱም፦

«ብትነግረኝ ኖሮ እንቁላሉን በእጄ አመጣልህ ነበር» አለችው።

ይህችን ቃል አንዳንድ ሽማግሌዎች አይቀበሏትም፤ ጠጅቱ እንዲህ አትልም፣ ወፊቱን ከሰው አስበልጣ የምትወድ ነበረች ይላሉ። እኔ ብላዋለች ብዬ አምናለሁ። ከስድስት አንዷን አንስታ፣ አልቅሳ፣ ለአበልጇ ትሰጥ ነበር። አምስቱ ይፈለፈሉ ነበር፤ እናቲቱም አትሞትም ነበር፤ ሙጨም ከቤቱ አይነሳም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በቅድመ አያቴ በደምለው ላይ የሚይዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ሰው ጠላቱን ቢከዳ ያለ ነው፤ እሱ የከዳው ቢጠይቃት የምትሰጠውን ሴት ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደምለው አንድም ነገር ሳይደብቅ አመነ። ገሚሱ ከአገር ይነሳ አለ፤ ጠጅቱ ግን እንቢ አለች። ይህ ሰው ከአገር ከወጣ ያደረገውን ረስቶ ሌላ ቦታ ሰው ይሆናል፤ እዚሁ ይኑር፤ ይህን ውሃ ግን እሱም ዘሩም በታንኳ አይንኩት፤ በእግራቸው ይዙሩት፤ በወፊቱ እርባታ ወራትም በየቀኑ እየዞሩ መረብ የጣለ ሰው ካለ ይጩኹ፤ ጎጆው የት እንደሆነ ግን እስከ ዘለዓለም አይነገራቸው አለች። ጥጉንም ያን ቀን የአራስ ደጅ አለችው፤ እንደ አራስ ቤት ማንም ዘሎ አይገባበትም ብላ። እንዲህ ተፈረደ። ደምለው ልጁን «አስማማው» ብሎ ስም አወጣለት፤ ያስማማኛል ብሎ መሆን አለበት። አላስማማም። ክርስትናው ሲነሳ ጠጅቱ አልመጣችም።

ሙጨንም ፈልጎ እንዲመልስ ታዘዘ። ደምለው ቆላ ወርዶ ሁለት ክረምት ፈለገውና አገኘው። ሙጨ የሰው ማሳ እያረሰ ይኖር ነበር። ይቅርታውን እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ውሃም አጠጥቶ፣ «ታንኳዬን የቆረጠችው እሷ ናት፤ ስሜን የቆረጥከው አንተ ነህ፤ እኔ ወደ ማን ልመለስ?» ብሎ ሸኘው ይባላል። ጠጅቱ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን ከቤቷ አልወጣችም።

ወንዱ ጠላቂት ጥቂት ወራት ብቻውን በሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ታይቶ ጠፋ። አራት ዓመት ሙሉ የአራስ ደጅ ባዶ ነበር። ጠጅቱ ግን በየመስከረሙ ታንኳዋን ይዛ ትገባለች፤ ደምለው በየቀኑ ይዞራል፤ ሁለቱ በሩቅ ይተያያሉ፣ አይነጋገሩም። ሌላው ሰው ምን ልትጠብቁ ነው እያለ ይስቅባቸው ነበር። በአምስተኛው ዓመት ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሁለት ጠላቂቶች ውሃው ላይ አረፉ፤ ሴቲቱም ፊላውን ማጉበጥ ጀመረች። ጠጅቱ ወደ ዳር ቀርባ ለደምለው «ወልዳለች» ያለችው በዚያ ዓመት ነው። ከልጁ ልደት ወዲህ የነገረችው ቃል ያ ብቻ ነው፤ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደሆኑ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ሁለቱም እንዲህ እንዳሉ አርጅተው ሞቱ።

ልማዱ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። ከጠጅቱ ዘር አንዲት ሴት በታንኳ ትገባለች፤ ከእኛ ዘር አንድ ሰው ይዞራል፤ እሷም በየዓመቱ ወደ ዳር ቀርባ «ወልዳለች» ትላለች። አሁን ባለታንኳዋ የሻረግ ናት፤ ዟሪው እኔ ነኝ። ቂም የለንም፤ ልጇን የዳርኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ ስትሞት አልቅሳ ያስቀበረችልኝ እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ዞሬያለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አሥራ አራት መረብ አስወጥቻለሁ፣ ሁለት ጊዜም ተደብድቤያለሁ። የጠላቂት ጎጆ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው መስከረም ከከተማ አንዲት የአዕዋፍ ባለሙያ መጣች። ጠላቂት በሌላውም አገር እየጠፋች መሆኑን፣ ረግረጉ እየደረቀ፣ መረቡ እየበዛ፣ የምትራባበት ውሃ እያነሰ መምጣቱን ነገረችን፤ እኛ ጋ ጎጆው ስንት እንደሆነ ለማወቅም ፈለገች። ስለ ዳርቻው የጠየቀችኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ጎጆው የሻረግን ጠይቂ አልኳት። የሻረግ ጥቂት አስባ ታንኳዋ ላይ አስቀመጠቻትና ይዛት ገባች። እኔ ዳር ቆሜ ፊላው ከኋላቸው ሲዘጋ አየሁ። ተመልሰው ሲመጡ ባለሙያዋ ደስታዋን መያዝ አቅቷት እየሳቀች ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ አልቻልኩም፤ ሆዴ ባባ። የሻረግን «ለማታውቂያት እንግዳ አሳየሽ፣ ለእኔ ግን ስንት እንደሆኑ እንኳ አልነገርሽኝም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስዞር ታዪኛለሽ፤ እስከ ዛሬ ትጠረጥሪኛለሽ ወይ?» አልኳት። እሷ ታንኳዋን ይዛ ውሃው ውስጥ ቆማ ነበር።

«ጋሼ አያልነህ፣ እኔ እርስዎን አልጠረጥርም» አለችኝ። «ጠጅቱም አልጠረጠረችም።»

ይህን ብላ መቅዘፊያዋን አነሳች። እኔም ዳርቻውን ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ገና ግማሹ ይቀረኝ ነበር።